አንደኛው ቀዳዳ ለመጪው

የሰፈሩ ሰው ሁሉ "እትዬ ሃሎ" ነው የሚላት። እውነተኛ ስሟን የሚያውቁት ባለቤቷና የጡረታ መዝገቡ ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። ቅጽል ስሙ ከሥራዋ የመጣ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል፣ የስልክ ማዞሪያ ላይ ሠርታለች።

ሰውነቷ እፍኝ አይሞላም፤ ድምፅዋ ግን ቤት ይሞላል። ሰው ፊት ስትቆም አንገቷን ትሰብራለች። ገበያ ወርዳ "ትንሽ ቀንስልኝ" ማለት ይተናነቃታል፤ ለጎረቤት ያዋሰችውን ድስት ለማስመለስ ሦስት ወር ትዘጋጃለች። የጆሮ ማዳመጫውን ስታጠልቅ ግን ሌላ ሰው ነበረች። ወገቧ ይቃናል፣ ቃሏ ይጠራል፣ ቁጥር ከአፏ ሲወጣ በክር እንደተሰካ ዶቃ ነው፤ አንድም አይወድቅም።

ሥራውን ያስተማሯት ጠጉራቸው የሸበተ፣ ቆጣ ቆጣ የሚሉ አለቃ ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን "ማዞሪያ አፍ እንጂ አፍንጫ የለውም" አሏት። ሰው የጠራውን ቁጥር ታገናኛለሽ፤ ለምን ፈለግኸው፣ ምን ልትለው ነው ብለሽ አታሸቺም ማለታቸው ነው። በሁለተኛው ቀን ደግሞ ከፊቷ የተደረደሩትን ስድስት ቀዳዳዎች አሳዩአት። አንደኛው ምንጊዜም ክፍት መሆን አለበት። የሚመጣው ስልክ ከማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ምጥ የያዛት ልትሆን ትችላለች፣ መኪና የገጨው ሊሆን ይችላል። መብራት ቢጠፋ እንኳ እጅ በዳበሳ የሚያገኘው የመጀመሪያውን ቀዳዳ ነው። ስለዚህ አንደኛው ላይ የሚያወራ ሰው ካለ ገመዱን ነቅላ ወደ ሁለተኛው ታሻግረዋለች። እጇ ከመፍጠኑ የተነሣ ተነጋጋሪው መሻገሩን እንኳ አያውቅም።

"ነባሩ ይጠጋ፣ መጪው ይግባ" ይሉ ነበር አለቃዋ። እትዬ ሃሎ ይህን ቃል ከሥራ አልፋ ኑሮዋ አደረገችው። አውቶቡስ ውስጥ የምትቀመጠው ወደ ጥግ ተጠግታ ነው። ቤቷ ውስጥ ለበሩ የሚቀርበው ወንበር ላይ ዕቃ አይቀመጥበትም።

በዚያ በአንደኛው ቀዳዳ ከገቡት ስልኮች አንዱ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበር። ዓይነ ስውር ነው፤ አዳሪ ትምህርት ቤት ይማራል፤ እናቱ ሦስተኛ ፎቅ ተኝታለች። ሰባት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ በምሳ ሰዓት እየደወለ የእናቱን ሁኔታ ሲጠይቅ፣ እሷ ከክፍሉ የሚላክላትን የጧት ወረቀት ታነብለታለች። እናቱ ድና ወጣች። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ስልኩ ጮኸ።

"እናትህ እኮ ወጥተዋል፣ ልጄ" አለችው።

"አውቃለሁ። ሌላ ነገር ካለ እንዲያነቡልኝ ብዬ ነው።"

ጠረጴዛዋ ላይ ከእሳት ማጥፊያው መመሪያ በቀር የሚነበብ ነገር አልነበረም። እሱኑ ከላይ እስከ ታች አነበበችለት። በማግስቱ ከቤቷ መጽሐፍ ይዛ መጣች። እንዲህ እንዲህ እያለ ስድስት ዓመት አለፈ። ሌላ ስልክ ሲመጣ ልጁን ወደ ሁለተኛው ቀዳዳ ታሻግረዋለች፤ መጪውን አስተናግዳ ስትመለስ ልጁ ያቆመችበትን ቃል ነግሯት ይቀጥላሉ።

ሆስፒታሉ በራሱ የሚያገናኝ አዲስ ማሽን አስገብቶ እሷን ጡረታ ሲያስወጣት፣ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ነበር። አንድ ቀን ያገለገለ ኮምፒውተርና ማይክሮፎን አሸክሞ ቤቷ መጣ። "አሁን መስመሩ አይቋረጥም" አላት። ከቤቱ ጥግ ያለችውን የዕቃ ክፍል አጸዱ፤ ድምፅ እንዳያስገባ ግድግዳውን በአሮጌ ብርድ ልብስና በእንቁላል መደርደሪያ ካርቶን ሸፈኑት። ይኸው ዘንድሮ አሥራ አንደኛ ዓመቷ ነው። የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተማሪዎች የሚማሩባቸውን መጻሕፍት እዚያች ክፍል ውስጥ ስታነብ ትውላለች። ልጁም ዛሬ ልጅ አይደለም። ሩቅ ከተማ ባለ ሌላ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ያስተምራል፤ ሚስት አግብቶ ሴት ልጅ ወልዷል። እሷ ግን አሁንም "ልጄ" ነው የምትለው።

ዘንድሮ የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች የሕይወት ሳይንስ መጽሐፍ ተለወጠ። በጣት የሚነበበው እትም አልደረሰም። ፈተናው ሰኞ ጧት ነው። አሥራ ስድስት ተማሪዎች ያላቸው ብቸኛ መጽሐፍ የእትዬ ሃሎ ድምፅ ነው፤ የትምህርት ቤቱ ሹፌር እሑድ ጧት ፍላሽ ይዞ መጥቶ በአንድ ላይ ሊወስደው ተቀጣጥረዋል። ሁለት ወር ለፍታ አሥራ አራት ሰዓት ቀድታለች። ዓርብ ማታ ሊያልቅ ስድስት ገጽ ሲቀረው ኮምፒውተሩ ሞላሁ አለ። አንዲት ፊደል እንኳ አልቀበልም አላት። ከድሮዎቹ ቅጂዎች አንዱን ለመሰረዝ አሰበችና ተወችው፤ ከልጅ ልጅ መምረጥ ሆነባት።

ደግነቱ አዲስ ሃርድ ዲስክ ቤቷ ውስጥ ነበረ። ድሮ በእሷ ድምፅ ተምረው ያለፉ ተማሪዎች ተሰባስበው የገዙላት ስጦታ ነው። ሐሙስ ዕለት በጫማ ካርቶን፣ በካልሲ ተጠቅልሎ ደርሷታል። ያ የድሮው ልጅ፣ የዛሬው መምህር፣ በስልክ ዕቃውን እንዳትነካው፣ ለዕረፍት ሲመጣ ራሱ እንደሚያስገባው ደጋግሞ ነግሯታል። ዕረፍቱ ግን ገና ሦስት ሳምንት ይቀረዋል፤ ፈተናው ሁለት ቀን።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ባለቤቷን ባትሪ አስይዛ የኮምፒውተሩን ክዳን ፈታች። ባለቤቷ ጡረታ የወጣ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ሞተር ያየ መስሎት አንገቱን አስግጎ ተመለከተ። "ዘይቱ የት ነው የሚገባው?" አላት። ዓይኗ ያረፈው አረንጓዴው ሰሌዳ ላይ ነው። አራት ቀዳዳ ተደርድሯል፤ በየአንዳንዱ ሥር ቁጥር ተጽፏል። የድሮው ዲስክ ገመድ አንደኛው ላይ ተሰክቷል፣ ሌሎቹ ባዶ ናቸው።

እጇ አእምሮዋን አልጠየቀም። የድሮውን ነቀለችና ወደ ሁለተኛው አሻገረችው። አዲሱን አንደኛው ላይ ሰካችው። ነባሩ ይጠጋ፣ መጪው ይግባ። ክዳኑን መልሳ ገጠመች፣ አቧራውን በመሐረቧ ጠረገች፣ ማስነሻውን ተጫነች።

ስክሪኑ ጠቆረ። ከላይ በግራ በኩል አንዲት ነጭ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ብቅ አለች፤ ከሥሯ አንዲት ትንሽ ሰረዝ ብልጭ ድርግም ትላለች። ሌላ ምንም የለም። አጥፍታ አስነሣችው፤ ያው ነው። ሦስተኛ ሞከረች፤ ያው ነው። የሆስፒታሉ እንግሊዝኛ እስከዚህ ድረስ ያደርሳታልና ትርጉሙ ገባት፤ ማሽኑ የሚነሣበት ዲስክ አጥቻለሁ እያለ ነው።

አሥራ አራቱ ሰዓት ያለው ማሽኑ አጣሁት በሚለው ዲስክ ውስጥ ነው።

"እኔ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ስንት አልነሣም ያለ አውቶቡስ ተሳፋሪ አስወርጄ አስገፍቻለሁ" አለ ባለቤቷ። "ይሄንንም ግፋ ካልሽኝ እገፋለሁ።" ሳቋ እንዳልመጣ ሲያይ ቀልዱን ትቶ፣ የማዕዘኑን ኮምፒውተር ጠጋኝ ልጥራ ብሎ ወጣ።

ጠጋኙ ጠመንጃ እንዳነገተ ሰው አንገቱ ላይ ገመድ አንጠልጥሎ መጣ። ደንበኛ ጥሎ ስለመጣ አልተቀመጠም። ቆሞ ስክሪኑን አንድ ጊዜ አየና ሲስተሙ መውደቁን፣ ፎርማት ተደርጎ አዲስ ሲጫንበት በአንድ ሰዓት ውስጥ እንደሚነሣ ነገራቸው።

"ውስጡ ያለውስ?" አለች እትዬ ሃሎ፣ ሳጥኑን በጣቷ ጫፍ ነክታ።

"እሱማ ይሄዳል፣ እትዬ። አሮጌው ጥርስ ሳይነቀል አዲሱ አይበቅልም።"

ባለቤቷ እሷን አያት። ጠጋኙ ከኪሱ ሲዲ አወጣ። እትዬ ሃሎ ሰው ፊት እንቢ ብላ አታውቅም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ሲሏት ነው ያደገችው። ግን እጇን ሙሉውን ሳጥኑ ላይ አሳረፈች፤ ትኩሳት ያለው ልጅ ግንባር ላይ እንደሚደረገው። "ይቆይልኝ" አለች። ጠጋኙ ትከሻውን ነቅንቆ፣ ሐሳባችሁን ስትለውጡ ሱቅ ነኝ ብሎ ሄደ።

የቀረው መምህሩ ነው። ከመጀመሪያው ያልደወለችለት አፍራ ነው፤ አይንኩት ያላትን ነክታለች። ግማሽ ሰዓት ያህል ስልኩን ስታገላብጥ ቆየች። በመጨረሻ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ሰካች፣ ወንበሯን ወደ ስክሪኑ ሳበች፣ ደወለች።

"ሃሎ፣ ልጄ።"

መምህሩ ቤቱ ሆኖ የሴት ልጁን ታጥቦ የደረቀ ልብስ ያጥፍ ነበር። "ከፍተውታል አይደል?" አላት።

"እንዴት ዐወቅህ?"

"የእርስዎ 'ሃሎ' ሲፈራ አጭር ነው።"

አልተቆጣም። ልብሱን አስቀምጦ ስልኩን አመቻቸና ሥራ ጀመሩ። የእሱ ኮምፒውተር ያነብለታል፤ እንዲህ ያለ ጥቁር ስክሪን ግን ለዓይነ ስውር አይናገርም። ስለዚህ እርስዎ ዓይንና እጅ ይሁኑኝ፣ እኔ መሪ ልሁን ማለት አልነበረበትም፤ ሁለቱም ድሮ የለመዱት ነገር ነው። ስክሪኑ ላይ ያለውን ጠየቃት። ፊደል በፊደል አነበበችለት፣ መጨረሻው ላይ ያለችውን ነጥብ ሳይቀር። ነጥቧን ስትጠራ ሳቅ ሲያመልጠው ሰማች፤ ልቧ ትንሽ ቀለላት።

ቀጥሎ የድሮውን ዲስክ ነክታው እንደሆነ ጠየቃት።

"አልነካሁትም" አለች።

ውሸቷን አልነበረም። በማዞሪያ ቋንቋ ገመድ ማሻገር መንካት አይባልም። የተሻገረ ሰው ወሬውን ይቀጥላል እንጂ ተነካሁ አይልም።

መምህሩ የመብራቱን ገመድ ከግድግዳው አስነቀላትና ክዳኑን አስከፈታት። ማንኛውም የሙያው ሰው ነባሩን ዲስክ አንደኛው ላይ ይተወዋል፣ አዲሱን ሁለተኛው ላይ ይሰካል። እሱም ይህ ሆኗል ብሎ በልቡ ስለደመደመ፣ ስም ሳይጠራ ቁጥር ብቻ ጠራ። "ሁለተኛው ቀዳዳ ላይ ያለውን ገመድ ይንቀሉና እንደገና ያስነሡት።"

እትዬ ሃሎ እጇን አስገብታ አንዴ ቆም አለች። ሁለተኛው ላይ ያለው የድሮው ነው። እሱን ለምን ያስነቅለኛል ብላ አሰበች። ሊያሳርፈው ይሆናል። እሱ ያውቃል። ሃያ ስድስት ዓመት ሐኪሞች ቁጥር ሲጠሩላት ለምን ብላ ጠይቃ አታውቅም፤ ማዞሪያ አፍንጫ የለውም። ነቀለችው።

ኮምፒውተሩ ያችኑ ነጭ ዓረፍተ ነገር አወጣ።

"ያው ነው" አለችው።

ስልኩን ሳጥኑ ጎን እንድታደርገው ጠየቃት። የድሮው ዲስክ ድምፁን ያውቀዋል። ሲነሣ በር እንደሚያንኳኳ እንግዳ ሦስት ጊዜ ኳ፣ ኳ፣ ኳ ይል ነበር። አሁን የሚሰማው ማራገቢያውና አንድ ለስላሳ፣ የማያውቀው እዝዝ የሚል ድምፅ ብቻ ነው። አጥፍታ እንድታስነሣው አደረገ፤ ደግሞ አዳመጠ። ማንኳኳት የለም።

ስልኩን ወደ ጆሮዋ ስትመልሰው ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። "እትዬ፣ ብቻውን ሆኖም አልተነሣም። አያንኳኳም። እንግዲህ... ሞቶ ሊሆን ይችላል።"

ከዚህ ሁሉ እሷ የሰማችው "ሞቶ" የምትለዋን ብቻ ነው። ባለቤቷ ፊቷን አይቶ ባትሪውን አጠፋ፤ ቀስ ብሎ የበሩ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ለአሥራ ስድስቱ ልጆች ነገ ምን ብላ እንደምትናገር አሰበች። ከዛሬ ጀምራ እስከ ሰኞ ሳትተኛ ብታነብ እንኳ አሥራ አራት ሰዓት ከየት ይመጣል? ጉሮሮዋስ? ልጆቹ መስማት ያለባቸውስ መቼ ነው? ልታለቅስ ነበር፤ ማዳመጫው ጆሮዋ ላይ ስላለ ግን አፈረች። ማዞሪያ መስመር ላይ አያለቅስም።

"አሁንም አንድ ነገር ይቀረናል" አለ መምህሩ። "ቀባሪ ከመጥራታችን በፊት ማሽኑ ራሱ ማንን እንደሚያይ እንጠይቀው።"

ዴሊት የሚለውን ቁልፍ እየደጋገመች እየተጫነች እንድታስነሣው ነገራት። አሁን ሰማያዊ ገጽ መጣ፤ የማሽኑ የውስጥ መዝገብ ነው፤ በማውስ አይታዘዝም፣ በቀስት ቁልፎች ብቻ ነው የሚሄደው። ያለውን ሁሉ ያንብቡልኝ አላት። ጉሮሮዋን ጠረገችና ጀመረች። ቀኑን አነበበች፣ ሰዓቱን አነበበች፣ የሙቀቱን መጠን አነበበች። መጀመሪያ ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሦስተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ማዞሪያዋ ላይ የተቀመጠች ያህል ተስተካከለ።

"ቀዳዳ አንድ" አለች፤ ረጅሙን የፊደልና የቁጥር ድርድር አንድም ሳታጎድል ጠራችና፣ "ሁለት ሺህ" ብላ ጨረሰች። "ቀዳዳ ሁለት፣ ባዶ። ቀዳዳ ሦስት፣ ባዶ።"

ከወዲያኛው ጫፍ የመምህሩ ሴት ልጅ በሩቅ ስትዘፍን ይሰማል።

"እትዬ፣ ቀዳዳ አንድን ይድገሙልኝ።"

ደገመችለት። መጨረሻው ያው ሁለት ሺህ ነው።

"የድሮው ዲስክ እኮ የሚይዘው አምስት መቶ ጊጋባይት ነው" አለ መምህሩ፣ በጣም ቀስ ብሎ። "እኔው ነኝ የመረጥኩት። ሁለት ሺህ የሚይዘው አዲሱ ነው። አዲሱ አንደኛው ቀዳዳ ላይ ምን ይሠራል?"

"እኔ ነኝ ያስገባሁት።"

"የድሮውስ?"

"ወደ ሁለተኛው አሻገርኩት። መጪው ነዋ። አንደኛው ለመጪው አይደል?"

እሷ የሚቆጣ መስሏት፣ ቸኩላ ሁለተኛውን ይንቀሉ ሲላት የድሮውን መንቀሏን፣ ለምን እንደሆነ አለመጠየቋን ነገረችው። "ቁጥር ሲጠሩልኝ ለምን ብዬ አላውቅም፣ ልጄ" አለች።

ያን ጊዜ ሳቁ መጣ። ከሆዱ የሚወጣ፣ ትንፋሽ የሚያሳጥር ሳቅ ነው፤ ልጁ መዝፈኗን ትታ "አባቢ፣ ምን ሆንክ?" ስትለው በስልኩ ይሰማል። ሲረጋጋ እንባውን እየጠረገ እንደሆነ ድምፁ ያስታውቃል።

"ሞተ ብዬ ያረዳሁዎት እኮ ራሳችን የነቀልነውን ነው" አላት። "ገመዱ የተነቀለ ሰው እንዴት ያንኳኳል? ጥፋቱ የእኔ ነው። ነገሩን በስሙ መጥራት ሲገባኝ ቁጥር ጠራሁ። ደግሞ ያንን ቀዳዳ እኔ ካላወቅኩት ማን ያውቀዋል? ስድስት ዓመት የገባሁት በሱ አይደል?"

ነገሩን አስረዳት። ማሽኑ ሲነቃ መጀመሪያ አንደኛው ቀዳዳ ላይ ያለውን "እንዴት ልነሣ?" ብሎ ይጠይቃል። እዚያ ያለው ዛሬ የመጣ እንግዳ ነው፤ ውስጡ ባዶ፣ የቤቱን ወግ አያውቅም። ማሽኑ መልስ ሲያጣ ጎን ያለውን ሳይጠይቅ ተስፋ ቆርጦ ይቀመጣል። የድሮው ሁለተኛው ላይ ሆኖ ሁሉንም ያውቅ ነበር፤ የጠየቀው ግን አልነበረም።

"እንደ እኔ ማለት ነው" አለች እትዬ ሃሎ። ይህን ያለችው ለራሷ ነው።

የመብራቱን ገመድ ከግድግዳ ነቅላ የድሮውን ዲስክ ገመድ ሁለተኛው ላይ መልሳ ሰካችው። ስልኩን ሳጥኑ ጎን አስጠጋች። ባለቤቷም ሳይጠራ ተነሥቶ ጆሮውን በሌላው በኩል ደገነ። ማስነሻውን ተጫነች። ማራገቢያው ነፈሰ፤ ለስላሳው ድምፅ መጣ፤ ከዚያ ከሥሩ፣ ከሩቅ እንደመጣና እንደደከመው እንግዳ፣ ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

"ይኸው አባቴ" አለ መምህሩ ከወዲያ።

ሁለት መንገድ እንዳለ ነገራት። ወይ የድሮውን ወደ አንደኛው መመለስ፣ ወይ ደግሞ ገመዱን ሳይነኩ፣ መዝገቡ ውስጥ ገብተው ማሽኑ መጀመሪያ ሁለተኛውን እንዲጠይቅ ማዘዝ። የፈለጉትን ይምረጡ አላት። ጥቂት አሰበችና፣ መጪው ካለበት አይነሣ፣ ማሽኑ ይታዘዝ አለች። ሰማያዊው ገጽ ተመልሶ መጣ። የሚነሡበት ተራ የተጻፈበትን ዝርዝር እስክታገኝ በቀስቱ እየወረደች የምታየውን ሁሉ ጠራችለት። የድሮውን ከላይ አስቀመጠችው። መመዝገቢያውን ቁልፍ ከመጫኗ በፊት ዝርዝሩን አንድ ጊዜ ጮክ ብላ አነበበች፤ እሱም ልክ ነው አለ።

ስክሪኑ ጠቆረ። ነጯ ዓረፍተ ነገር አልመጣችም። በእሷ ፋንታ የለመደችው ብርሃን ፈነጠቀ፤ ከዚያ የመስክ ሥዕሉ፣ ከዚያ በየተራ የተደረደሩት ቢጫ ማኅደሮች። የሕይወት ሳይንስ የሚለውን ከፈተችው። አሥራ አራቱም ሰዓት አለ። ዘጠነኛውን ምዕራፍ ነካችው፤ ክፍሏ በገዛ ድምፅዋ ተሞላ፤ ስለ ልብ አራት ክፍሎች ታነባለች።

"እፎይ" አለ ባለቤቷ፣ ከሷ ቀድሞ። "ሳልገፋው ተነሣ ማለት ነው?"

አሁን ሳቀች። እየሳቀች አለቀሰች፤ እያለቀሰች መነጽሯን ጠረገች። መምህሩ ደግሞ ዘጠነኛውን ምዕራፍ አያጥፉብኝ ብሎ አንድ ገጽ ያህል ሲያዳምጥ ቆየ።

ሥራው ግን አላለቀም ነበር። አዲሱ ዲስክ ባዶ ስለሆነ ከመጻፉ በፊት መዘጋጀት አለበት። በመምህሩ መሪነት የዲስኮቹን ዝርዝር ስትከፍት ኮምፒውተሩ አንድ ትንሽ መስኮት አወጣና ዲስኩን ላዘጋጅ ወይ ብሎ ጠየቀ። መምህሩ "እሺ ይበሉት" አላት።

የእትዬ ሃሎ ጣት ቁልፉ ላይ ደርሶ ቆመ።

"የቱን ዲስክ?" አለች።

"ምን አሉኝ?"

"የቱን ዲስክ ነው የሚያዘጋጀው? ስሙን ንገረኝ። ለምንስ ነው እሺ የምለው? ሲዘጋጅ ምን ይሆናል?"

በሕይወቷ ለአንድ ሰው በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ጥያቄ ጠይቃ አታውቅም። ባለቤቷ ከወንበሩ ቀና ብሎ አያት። መምህሩ ሲመልስላት ድምፁ እንደ ተማሪ ነው። የሚያዘጋጀው ዲስኩ ውስጥ ያለውን ሁሉ ጠርጎ ስለሆነ፣ መስኮቱ ላይ ሁለት ሺህ የሚል ካለ እሺ ይበሉ፣ አምስት መቶ የሚል ካለ ግን ከነወንበርዎ ወደኋላ ይሽሹ አላት። አነበበች። ሁለት ሺህ ይላል። ድጋሚ አነበበች። እሺ አለችው።

አመሻሽ ላይ አሥራ አራቱ ሰዓት ከድሮው ወደ አዲሱ መሻገር ጀመረ። አረንጓዴዋ መስመር እንደ ኤሊ ስትጎተት ባልና ሚስት ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲያዩ ቆዩ። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል አለ ባለቤቷ። መስመሯ ስትሞላ እሷ ተነሥታ የዕቃ ክፍሉን በር ዘጋች። ስድስት ገጽ ይቀራታል። ባለቤቷ እንደ ወትሮው በሩ ሥር ዘብ ቆመ፤ የጎረቤቱን ውሻ ሳይቀር "እሽሽ" ይል ጀመር።

ማይክሮፎኑን ለመሞከር ሁልጊዜ "ሃሎ" ትልና ቆይታ ትሰርዘዋለች። የዚያን ዕለት "ሃሎ" አለች፤ ረጅም "ሃሎ" ነበር። አልሰረዘችውም።

እሑድ ጧት የትምህርት ቤቱ ሹፌር ሲመጣ ፍላሹን ሞልታ ሰጠችው። እሱም አመስግኖ የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ጣል አድርጎ ወደ በሩ ሲዞር፣ እትዬ ሃሎ ተከተለችው። ዓይኗ እንደ ልማዷ መሬት መሬት ያያል።

"ይቅርታ፣ ወንድሜ" አለችው። "ኪስህ ቀዳዳ የለውም?"

ሹፌሩ ቆመ። ፍላሹን አውጥቶ ያዘና፣ ኪሱን ገልብጦ ውስጡን አሳያት።